መሬቱን ከመሸጣችሁ በፊት ስለ ስቴም ሴል ይሄን አንብቢ

እህትአለም ጥያቄሽን አነበብኩት። አባትሽ በሴፕሲስ (ኢንፌክሽን በርትቶ የሰውነት አካላትን የሚጎዳበት በሽታ) አይሲዩ፣ ማለትም ጽኑ ህሙማን ክፍል ገብተው እግዚአብሔር ይመስገን ወጥተዋል፣ አሁን ቤት ናቸው ግን አቅም የላቸውም፣ ይረሳሉ፣ ስኳርም አለባቸው። አንድ ደላላ ደግሞ ውጭ አገር ስቴም ሴል (ሌላ አይነት ሴል መሆን የሚችል መነሻ ሴል) ቢወጉ ሰውነታቸው እንደ አዲስ ይታደሳል፣ ሴፕሲሱም ድጋሚ አይመጣም ብሏችሁ አባይ ማዶ ያለውን ቦታ ልትሸጡ ነው፣ እና ይሰራል ወይ፣ ሰውነት ላይስ ምን ያደርጋል ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱት ግማሾቹ "ሂዱ እግዚአብሔር ይርዳችሁ"፣ ግማሾቹ ደግሞ "ሌባ ነው" ብለው አለፉ፣ ምክንያት የሰጠ ግን አላየሁም። እኔ እዚሁ ባህርዳር አይሲዩ ውስጥ ለአመታት የሰራሁ ነርስ ነኝ፣ ዶክተር አይደለሁም፣ አክስቴንም በዚሁ በሽታ አስታምሜያለሁ፣ ስለዚህ ከሁለቱም በኩል ያየሁትንና ያነበብኩትን ነው የምነግርሽ። ይረዝማል፣ ቻይኝ።

መጀመሪያ ዋናውን ልንገርሽ። ለሴፕሲስ የተፈቀደ የስቴም ሴል ህክምና የለም፣ ጥናት ላይ ነው ያለው። ጥናቱም የሚደረገው አይሲዩ ተኝቶ በሞትና በህይወት መሃል ላለ ሰው ነው እንጅ እንደ አባትሽ ድኖ ቤቱ ለገባ ሰው አይደለም። ደላላው ሁለት የተለያየ ነገር፣ ሴፕሲስ ማከምንና ከሴፕሲስ በኋላ የደከመ ሰውነት ማደስን፣ ነው አንድ ላይ ጠቅልሎ የሸጠላችሁ።

ሴፕሲስ ላይ ሰው የሚገድለው ባክቴሪያው ብቻ አይደለም። የሰውነታችን በሽታ መከላከያ ራሱ መስመር ይስትና ኩላሊቱን፣ ሳንባውን፣ የደም ስሩን ሁሉ ይመታል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ሽንት ይጠፋል፣ ሰውየው ይቀባዥራል። በ2017 እ.ኤ.አ. ብቻ በአለም ላይ ወደ 49 ሚሊዮን ሰው ይዞ 11 ሚሊዮን ያህሉ እንደሞተ ነው የተገመተው፣ ትልቁ ሸክም ደግሞ ከሰሃራ በታች ያለነው ላይ ነው። ስለዚህ ሰው አዲስ መድሃኒት ቢፈልግ አይፈረድበትም፣ እኔም እፈልጋለሁ።

ለዚህ የሚሞከረው ሜሰንካይማል የሚባለው የሴል አይነት ነው፣ ከመቅኔ ወይም ከስብ ወይም ከእትብት ይወሰድና ላብራቶሪ ውስጥ ተባዝቶ በደም ስር ይሰጣል። ለደም ካንሰር ከሚደረገው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ጋር እንዳታምታቺው፣ ያ ሌላ ሴል ነው፣ የተረጋገጠ ህክምናም ነው። አሁን ደላላው የሚያወራው ሴሉ ገብቶ ኩላሊት ይሆናል፣ ጉበት ይሆናል፣ አእምሮ ይሆናል ነው። አይሆንም። በደም ስር የተሰጠ ሴል አብዛኛው መጀመሪያ ሳንባ ላይ ይያዛል፣ በቀናት ውስጥም ይሞታል። ታዲያ ምን ይሰራል ካልሽ፣ ሽማግሌ በይው። ሽማግሌ ሊገዳደሉ የደረሱ ሰዎች መሃል ገብቶ ያበርዳል እንጅ የፈረሰውን ግድግዳ አይመርግም። ሴሉም በሚያመነጨው ኬሚካል የተቆጣውን መከላከያ ያናግራል። በ2009 የወጣ የአይጥ ጥናት አለ፣ ሴሎቹ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የሚባል ኬሚካል ለቀው ማክሮፌጅ የሚባሉትን ነጭ ሴሎች ኢንተርሉኪን 10 እንዲያመርቱ አደረጓቸው፣ ይሄ ደግሞ ቁጣውን የሚያበርድ ነገር ነው፣ አይጦቹም በተሻለ ተረፉ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ደግሞ ሴሉ ራሱ ባክቴሪያ የሚገድል ነገር እንደሚያወጣ አሳዩ። እንግዲህ ተስፋው ከዚህ ነው የተነሳው፣ ተስፋው ውሸት አይደለም።

ግን አይጥ ናት። ጤነኛ የነበረች አንጀቷ ተበስቶ ሴፕሲስ የተፈጠረባት፣ ሴሉም ገና ከጅምሩ የተሰጣት የላብራቶሪ አይጥ። እኛ ጋ የሚመጣው ሰው እኮ ሶስት አራት ቀን ቤቱ ተኝቶ፣ ወባ ነው ተብሎ፣ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተብሎ፣ ከፋርማሲ የተገዛ ክኒን ውጦ ውጦ ነው።

ሰው ላይስ? ካናዳ ውስጥ የተደረገው በ2018 የወጣው ጥናት 9 የሴፕቲክ ሾክ (ሴፕሲሱ ብሶ ግፊታቸው የወደቀ) ታማሚዎች ላይ ነው፣ በኪሎ ከ300 ሺህ እስከ 3 ሚሊዮን ሴል ተሰጣቸው (60 ኪሎ ሰው ከሆነ ከፍተኛው 180 ሚሊዮን ሴል መሆኑ ነው)። በዚያው አመት ቻይና ውስጥ ከእትብት በተገኘ ሴል 15 ሰው ላይ ተሞከረ። ሁለቱም የጠየቁት "ጉዳት ያመጣል ወይ" ብለው ነው እንጅ "ያድናል ወይ" ብለው አይደለም፣ በ9 ሰው ያድናል አያድንም ማለት አይቻልም። ያየነው ጉዳት የለም አሉ፣ ጥሩ ነው፣ እዚያ ላይ ያበቃል። ደላላው "ሰው ላይ ተሞክሮ ሴፍ ነው ተብሏል" ያላችሁ ከዚህ ቀንጭቦ ሊሆን ይችላል።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሆላንድ ውስጥ 32 ጤነኛ ወንዶች ላይ የተደረገው ነው። ለአንዳንዶቹ ሴል የሌለበት ማነጻጸሪያ፣ ለሌሎቹ ከስብ የወጣውን ሴል ሰጧቸውና ቆይተው ሁሉንም የባክቴሪያ መርዝ በትንሹ ወጓቸው፣ ትኩሳት ብርድ ብርድ የሚያመጣውን ማለት ነው። ከፍተኛውን ዶዝ የወሰዱት ላይ ሴሉ የሚያበርደውን ነገር ጨመረ፣ የሚያስቆጣውንም ጨመረ፣ የደም መርጋት ስርአቱንም ነካካው። ሁለቱንም! ሴፕሲስ ያለበት ሰው ደግሞ ደሙ በየትንሹ ስር መርጋት የሚያበዛ ሰው ነው። ስለዚህ "ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል" ላልሽው መልሱ እንደ ዶዙ፣ እንደ ጊዜው፣ እንደ ሴሉ ምንጭ ይለያያል ነው፣ ለዚያ ነው ገና የሚያጠኑት።

እና ቀላል የሚመስለው ነገር እንኳን ሲፈተሽ ይገለበጣል። እኛ ግሉኮስ ተሰቀለለት የምንለውን ፈሳሽ ውሰጂ፣ ማን ይጎዳል ይላል? ዛምቢያ ሉሳካ ላይ ግፊታቸው የወረደ የሴፕሲስ ታማሚዎችን ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ቶሎና በብዛት ፈሳሽ በሚሰጥ ፕሮቶኮል፣ ሌላውን እንደተለመደው አከሙ፣ በ2017 ውጤቱ ሲወጣ በፕሮቶኮሉ ከታከሙት 48 ከመቶ ሞቱ፣ ከሌሎቹ 33 ከመቶ። ዢግሪስ የሚባል ውድ የሴፕሲስ መድሃኒትም ነበር፣ በ2001 አሜሪካ ፈቀደችው፣ ለ10 አመት ተሸጠ፣ እንደገና ሲጠና አይጠቅምም ተብሎ በ2011 ከገበያ ወጣ። የፈረንጅ ሀብታም ሆስፒታል ሁሉ ሲሰጠው የኖረ መድሃኒት ነው እንግዲህ። ለዚህ ነው አንድ ደላላ በዋትሳፕ በላከው ቪዲዮ የማልረታው።

ጉዳቱን በተመለከተ፣ በስርአት በተሰራ ጥናት ውስጥ ጎልቶ የታየው ከሴሉ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት ነው፣ ያልፋል። የሚፈራው ሌላ ነው፣ ያለ ጥናት በየክሊኒኩ የሚሸጠው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ከእትብት ደም የተሰራ ስቴም ሴል ተብሎ የተሸጠ ነገር የተወጉ 12 ሰዎች በኢንፌክሽን ሆስፒታል ገብተዋል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ኢ ኮላይና ሌላም ባክቴሪያ ነበረበት፣ ከነሱ ውስጥ ባክቴሪያው ደማቸው ውስጥ የተገኘም አሉ። አስቢው እስኪ፣ ሴፕሲስ እንዳይመልስባቸው ብላችሁ ወስዳችሁ ሴፕሲስ ስታስወጓቸው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ኢንፌክሽን እንዴት እንደሚጫወትበት አይተሽዋል። ፍሎሪዳም ውስጥ ከገዛ ስባቸው ተወስዶ አይናቸው ላይ የተወጉ ሶስት ሴቶች ማየት አቅቷቸው ቀርተዋል፣ በ2017 ተጽፏል።

ኤፍዲኤ (የአሜሪካ መድሃኒት ተቆጣጣሪ) ፈቅዶታል የሚል ወረቀት ካሳያችሁ ደግሞ እሱ ሌላ ነው። በታህሳስ ወር በፈረንጆቹ 2024 አንድ የሜሰንካይማል ሴል መድሃኒት ፈቅደዋል፣ መቅኔ ተተክሎላቸው የተተከለው መልሶ ሰውነታቸውን ለሚያጠቃባቸውና ስቴሮይድ ለማይሰራላቸው ልጆች። ለሴፕሲስ አይደለም፣ ለድካምም አይደለም።

አሁን ወደ አባትሽ። ያላቸው ነገር ከሴፕሲስ በኋላ የሚመጣ የታወቀ ነገር ነው፣ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ሰው ይረሳል፣ ቅዠት አለ፣ ፀጉር ይረግፋል፣ ያለምክንያት ያስለቅሳል። አክስቴ የዘጌ ናት፣ ስኳር አለባት፣ እግሯ ላይ በእንጨት የተነሳ ቁስል ነበር የጀመራት። ወባ ነው ተባለ፣ ምርመራው ነጌቲቭ ሲሆን ታይፎይድ ተባለ፣ ከዚያ ትንፋሽ አጥሯት ስሜን አጥታው በጀልባ መጣች። ያተረፋት ምን መሰለሽ፣ በቶሎ የተጀመረ አንቲባዮቲክ፣ ግፊቷን የያዘላት ኖርአድሬናሊን፣ እና ከሁሉም በላይ ሰርጅኑ ቁስሉን ከፍቶ መግሉን ማጽዳቱ። መግል የቋጠረ ነገር ካልወጣ በአለም ላይ ያለ ሴል ቢወጋ ዋጋ የለውም። ቤት ከገባች በኋላ ጀበና አንስታ መቅዳት አትችልም ነበር፣ የልጅ ልጆቿን ስም ታሳስታለች፣ ቤተሰቡ አበቃላት ብሎ ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ ቀስ በቀስ ተመለሰች፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልልሽም፣ መርሳቱ ትንሽ ቀርቷል።

ስለዚህ ያ ገንዘብ፣ ቦታውን ሳትሸጡ ማለቴ ነው፣ እዚህ ላይ ይዋል። ፊዚዮቴራፒስት በሳምንት የተወሰነ ቀን ቤት ድረስ ቢመጣላቸው፣ ካልሆነም ሆስፒታል ሄደው እንቅስቃሴውን ተምረው እናንተ ብታሰሯቸው። መጀመሪያ አልጋ ላይ ቁጭ ማለት፣ ከዚያ ወንበር፣ ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ ጠዋት ፀሐይ ሳይከር ሐይቁ ዳር በዘንባባው ስር ትንሽ ትንሽ። ምግብ ላይ ፕሮቲን፣ እንቁላል፣ አሳ፣ ቆሮሶም ይሁን አምባዛ እዚህ አገር አሳ አይቸግርም፣ ሽሮና ምስርም ጥሩ ነው፣ ኩላሊታቸው ተጎድቶ ከነበረ ግን መጠኑን ከሐኪም ጠይቁ። አባቶች መቸስ ታመውም ጾም አይፈቱም፣ እሱን እናንተ ስትነግሯቸው ስለማይሰሙ የንስሐ አባታቸው ይንገሯቸው። ጸበል መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፣ ክኒኑና ኢንሱሊኑ ግን አይቋረጥ። ስኳሩ በደንብ ካልተያዘ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው፣ እግራቸውንም በየቀኑ እያችሁ እጠቡላቸው።

ድጋሚ መምጣቱን በተመለከተ ፍርሃትሽ ትክክል ነው፣ አንዴ የያዘው ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ተመልሶ ሆስፒታል የመግባት እድሉ ከፍ ያለ ነው። ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ ንግግራቸው ከተምታታ፣ ሽንት ከቀነሰ፣ ሰውነታቸው ከቀዘቀዘ ወይ ካንቀጠቀጣቸው ፋርማሲ አትሂዱ፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል። እዚያም ስትደርሱ "ከዚህ በፊት ሴፕሲስ ነበራቸው" ብላችሁ ገና በሩ ላይ ተናገሩ፣ የሚቻል ከሆነ አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ለብለድ ካልቸር (ደሙ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ደም እንዲወሰድ ጠይቁ፣ የትኛው መድሃኒት እንደሚሰራ የሚታወቀው በዚያ ነው፣ ግን ካልቸር ሲጠበቅ መድሃኒቱ እንዳይዘገይ።

ደላላውን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂው፣ የጥናቱ የምዝገባ ቁጥር ስንት ነው በይው። እውነተኛ ጥናት ይመዘገባል፣ ሴሉንም ታማሚው በገንዘቡ አይገዛም፣ ምን አይነት ሴል፣ ከማን የተወሰደ፣ ለምን ለምን ኢንፌክሽን የተመረመረ እንደሆነ በጽሁፍ ይሰጣል። የላከላችሁ ወረቀት ካለ ስም ሸፍነሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ። የአባትሽን የመውጫ ወረቀትም ይዘሽ የመጨረሻው ክሬቲኒናቸው (የኩላሊት ምርመራው ቁጥር) ስንት እንደነበርና አንቲባዮቲኩን ጨርሰው እንደሆነ ብትነግሪኝ ስለ ምግቡ የበለጠ ልመልስልሽ እችላለሁ፣ ማታ ሺፍት ስለሆንኩ መልሴ ከዘገየ አትቀየሚኝ።