ጀርባው 1813 ስላለ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል ማለት አይደለም

ሰላም እህቴ። ፍራንክፈርት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሁለት የጀርመን መስቀል ኒሻኖች ገዝተሽ «አንዱ ጀርባው ላይ 1813 ይላል፤ ያን ያህል አሮጌ ነው? ፎርጅድ ቢሆንስ በምን አውቃለሁ?» ብለሻል። እኔ እነዚህን ነገሮች ስገዛም ስሸጥም ዓመታት አልፈዋል። ተሸውጃለሁም።

መጀመሪያ ዓመቱን እንፍታው። ያንቺዎቹ የብረት መስቀል የሚባሉት ናቸው። ይህን ኒሻን ያቋቋሙት የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም 3ኛ ናቸው፤ ናፖሊዮንን ሲዋጉ፣ በ1813 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በ1870፣ በ1914 እና በ1939 እንደገና ተቋቋመ። የ1914ቱ ሁለተኛ ደረጃ መስቀል ለመታሰቢያ ያን የመጀመሪያውን ዓመት ጀርባው ላይ ይዟል። ገልብጪው። ከላይ ዘውድ፣ መሃል ላይ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የቪልሄልም 2ኛ መነሻ ፊደል፣ ከታች 1914 ካለ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በሚሊዮን ስለታደለ ብርቅ ነው ብለሽ አትጓጊ።

አሁን ወደ ፎርጅዱ። ሰው ሁሉ ፊቱን ነው የሚያየው። እኔ ከጠርዙ ነው የምጀምረው። ዋናው መስቀል አንድ ወጥ አይደለም። መሃሉ ጥቁር የተቀባ ብረት ነው፤ ዙሪያውን ከፊትና ከኋላ ሁለት የብር ክፈፎች ይዘውት ጠርዛቸው ላይ ተበይደዋል። በአጉሊ መነጽር ጠርዙን ዙሪያውን ተከተይው። በደንብ ቢሞረድም እንኳ የሆነ ቦታ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ሪባኑ የሚንጠለጠልበት ቀለበት አጠገብ፣ የብየዳው መስመር ብቅ ይላል። ምንም መስመር ከሌለ፣ ወይም ላዩ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቁ ቀዳዳዎች ካሉ፣ አንድ ላይ የፈሰሰ ኮፒ መሆኑን ጠርጥሪ። ክፈፉ በውስጥ በኩል ያሉትን ደቃቅ ጥርሶችም እዪ። በኮፒው ላይ የሟሟ ሳሙና ይመስላሉ።

ማግኔትም አስጠጊ። ዋናው ብዙውን ጊዜ ይስባል። ግን ኮፒ የሚሠሩትም ብረት አያጡም፤ ስለዚህ ሳበ ብለሽ አትጨፍሪ።

የመጀመሪያውን መስቀሌን የሸጠልኝ ሰውዬ «የአያቴ ነው» ብሎ እንባ ቀረሽ ታሪክ ነገረኝ። ዝገቱ ራሱ ታሪኩን የሚመሰክር መሰለኝ። ቤት ገብቼ በእርጥብ ጥጥ አንዴ ሳብ ባደርገው ዝገቱ ሙልጭ ብሎ ጥጡ ላይ ቀረ፤ ልክ እንደ በርበሬ ዱቄት። ከሥሩ ያለው ቀለም አዲስ ነበር። የዕድሜ ዝገት ግን ቀለሙን ከሥር ገፍቶ፣ አሳብጦና ሰንጥቆ ነው የሚወጣው።

ሪባኑን ገንዘብ በሚፈተሽበት ሐምራዊ መብራት እዪው። የዘመኑ ክር ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ የድሮው ፈዞ ይቀራል። ቢያበራም ግን ኒሻኑን አትጣይው። ሪባን ይቀየራል። አንዷ አሮጊት በዛሬ ሳሙና አጥባውም ሊሆን ይችላል፤ ሳሙናውም ራሱ ያስበራል።

ሁለተኛው፣ 1939 የሚለውና መሃሉ ላይ የኦክ ዛፍ ቅጠል ያለበት፣ የ1957 ሞዴል የሚሉት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚያ ቦታ የነበረው ስዋስቲካ፣ የናዚዎቹ ምልክት፣ ነው። ምዕራብ ጀርመን በ1957 ባወጣችው ሕግ የናዚ ምልክት ያለበትን ኒሻን ደረት ላይ ማድረግ ስለከለከለች፣ ለቀድሞ ወታደሮች ያለ ምልክቱ እንደገና ተሠራ። ፎርጅድ አትበይው፤ የጦርነት ዘመን ዕቃ ግን አይደለም። በዚያ ዋጋ ሸጠውልሽ ከሆነ ተበልተሻል።

ደግሞ በፈጠረሽ አትወልውዪው! እኔ አንዱን ደህና መስቀል በጥርስ ሳሙና ፈትጌ እንደ ማንኪያ አብለጨለጭኩት። ጥጋጥጉ ላይ የነበረው የብሩ ጥቁረት ሲሄድ ዋጋውም አብሮ ሄደ። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ካነሳሽለት ይበቃዋል።

በይ የጠርዙንና የቀለበቱን ፎቶ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ አንሺና ላኪ። ቀለበቱ ላይ ደቃቅ ፊደላት ካሉ አጉልተሽ አንሻቸው፤ ብዙ ጊዜ የሠሪው ምልክት እዚያ ነው ያለው።