ፋውንዴሽንሽ ለምን እንደሚፈረፈር፣ ስለ ፕራይመር ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት፣ በሁለት መስመር መመለስ ስላልፈለግኩ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። ያልሽው ይሄ ነው አይደል፣ ፊትሽ ወዛም ነው፣ ብዙ ብር አውጥተሽ ፕራይመር (ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባውን) ገዛሽ፣ ላዩ ላይ ፋውንዴሽን ስትቀቢ ግን እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተጠቀለለ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አፍንጫሽ አካባቢ ቀልጦ ይሄዳል፣ እህትሽ በጥር ልታገባ ነው አንቺ ሚዜ ነሽ፣ እና "የትኛውን ልግዛ" ነው ጥያቄው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ እህቶች ሁሉም ለራሳቸው የሰራላቸውን ስም ጽፈውልሻል፣ እውነታቸውን ነው፣ ለነሱ ሰርቷል። እኔ ግን 9 ዓመት አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ሙሽሮች ስሰራ የቆየሁ ነኝና ምልሽ፣ ገና ምንም አትግዢ። ያለሽ ፕራይመር ራሱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ እኔ የጠረጠርኩት ከፋውንዴሽንሽ ጋር አልተስማሙም ብዬ ነው።

ለምን መሰለሽ፣ ፕራይመር ሲባል አንድ ነገር ይመስለናል እንጂ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፣ ሲሊኮን ቤዝድ (ሲሊኮን የሚበዛበት) እና ዋተር ቤዝድ (ውሃ የሚበዛበት)። ሲሊኮኑ በጣትሽ ስታሺው ልስልስ ብሎ ይንሸራተታል፣ የቆዳ ቀዳዳና የብጉር ጠባሳ ውስጥ ገብቶ ይሞላና ፊትን ለጥ ያደርገዋል። ዋተር ቤዝዱ ቀጠን ያለ ወይም ጄል የመሰለ ነው፣ አንዳንዱ ሲደርቅ ጣት ያዝ ያደርጋል፣ ግሪፕ የሚሉት እሱን ነው። ሲሊኮን ውሃ ይገፋል። ስለዚህ ከስር ወፈር ያለ ሲሊኮን ቀብተሽ ከላይ ውሃው የሚበዛ ፋውንዴሽን ስትጨምሪ ፋውንዴሽኑ መያዣ ያጣል፣ ይንሸራተታል፣ በብራሽ ስትጎትቺው ደግሞ ይጠቀለላል። ያው አንቺ ያልሽው የላጲስ ፍርፋሪ ማለት ነው።

የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ካርቶኑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን እዪ፣ ሙሉውን ማንበብ አይጠበቅብሽም፣ የመጀመሪያዎቹ 4 ወይም 5 ስሞች ይበቃሉ ምክንያቱም የሚጻፉት ከብዛታቸው ቅደም ተከተል ነው። ዳይሜቲኮን፣ ሳይክሎፔንታሳይሎክሴን፣ ባጠቃላይ መጨረሻው "ኮን" ወይም "ሳይሎክሴን" የሚል ካየሽ ሲሊኮን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምን መሰለሽ፣ ፋውንዴሽኑ "አኳ" (ውሃ ማለት ነው) ብሎ ስለጀመረ ዋተር ቤዝድ ነው ይላል፣ ሁለተኛና ሦስተኛው ግን ሲሊኮን ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ እሱ ከሲሊኮን ፕራይመር ጋር በደንብ ይሄዳል። በስም ልጥራልሽ ካልሽ የስማሽቦክስ ፎቶ ፊኒሽ ኦሪጅናሉ ሲሊኮን ነው፣ የሚልክ ሜካፕ ሃይድሮ ግሪፕና የኢልፍ ፓወር ግሪፕ ደግሞ ዋተር ናቸው።

ማንበቡ ከከበደሽ እኔ አዲስ እቃ በገዛሁ ቁጥር የማደርገውን አድርጊ። እጅሽ ጀርባ ላይ ከፕራይመሩ የምስር ፍሬ የምታክል፣ ከፋውንዴሽኑም ያንኑ ያህል ጠብ አድርገሽ በጣትሽ ቀላቅያቸውና ትንሽ ጠብቂ። አንድ ላይ ሆነው ለስልሰው ከቀሩ ተስማምተዋል። እንደተቆራረጠ ወተት እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ከሰሩ ግን ፊትሽም ላይ የሚሆነው ያው ነው። 1 ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ ግን ስንት ብር እንዳዳነኝ።

ደግሞ ጥፋቱ ሁሌ የፕራይመሩ አይደለም፣ ሞይስቸራይዘር ቀብተሽ፣ ወዲያው ሰንስክሪን፣ ወዲያው ፕራይመር፣ ወዲያው ፋውንዴሽን ከሆነ ምንም ብትገዢ ይፈረፈራል። በየመሃሉ ጊዜ ስጪው። እኔ ከሞይስቸራይዘር በኋላ ጸጉር ወይም ቅንድብ እሰራለሁ እንጂ ዝም ብዬ ወደ ፊት አልገባም፣ 5 ደቂቃ ያህል ቢያገኝ ጥሩ ነው። ፕራይመሩን ደግሞ አትሺው፣ በጣትሽ ጫን ጫን አድርገሽ አስቀምጪው። መጠኑ ለሙሉ ፊት የአተር ፍሬ ነው፣ ከዛ በላይ ቆዳሽ ላይ የሚሰራው ሥራ የለም፣ ትርፉ ነው ተጠቅልሎ የሚነሳው።

አሁን ወደ ቆዳሽ እንምጣ። ወዛም ነኝ ብለሻል ግን እስቲ አረጋግጪው፣ ፊትሽን ለፊት በሚሆን ለስላሳ መታጠቢያ ታጠቢ (በልብስ ሳሙና ወይም በገላ ሳሙና ከታጠብሽ የማንም ፊት ይወጠራል)፣ ምንም ሳትቀቢ አንድ ሰዓት ቆዪ፣ ከዛ ሶፍት ግንባርሽ፣ አፍንጫሽ፣ አገጭሽና ጉንጭሽ ላይ ለየብቻ ጫን አድርጊ። ሁሉም ጋ ወዝ ከታተመ ወዛም ነሽ፣ ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ከሆነ ድብልቅ ነሽ፣ የትም ከሌለና ከወጠረሽ ደረቅ። ወዛም ነን ብለው ከሚመጡልኝ ብዙዎቹ ድብልቅ ናቸው፣ ጉንጫቸው ደረቅ ሆኖ ሳለ ሙሉ ፊታቸውን በማት (ወዝ መጦ ፊት እንዳያበራ በሚያደርግ) ፕራይመር ያደርቁታል፣ ከዛ ጉንጫቸው ላይ ፋውንዴሽኑ ይሰነጣጠቃል።

ወዛም ከሆንሽ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ፕራይመር ወዝ አያቆምም። ውስጡ ያለው ሲሊካ ወይም ሸክላ ነገር ወዙን ለተወሰነ ሰዓት ይመጠዋል፣ ሲሞላ በቃ ሞላ። ስለዚህ ማት ፕራይመሩን ወዝ በሚበዛበት ቦታ ብቻ አድርጊ፣ ግንባር መሃል፣ አፍንጫ ዙሪያ፣ አገጭ። ፋውንዴሽኑን ስስ አድርገሽ በእርጥብ ስፖንጅ ጫን ጫን፣ ከዛ ፓውደር እዛው ቦታ ላይ። ቀን ላይ ሲያበራብሽ ፓውደር አትደራርቢ፣ መጀመሪያ በሶፍት ወዙን አንሺ፣ ሳታሺ፣ ከዛ ካስፈለገ ትንሽ ፓውደር። አብዛኛው ሰው ወዙ ላይ ፓውደር ሲደፋበት ነው ፊቱ ኬክ የሚሆነው። ወዛም ነኝ ብለሽ ሞይስቸራይዘር እንዳትተዪ ደግሞ፣ ቀለል ያለ ጄል ይሁን፣ ግን ይኑር። በተለይ በጥር። የጥርን ጠዋት ታውቂዋለሽ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሜካፕ ስትጀምሪ ብርዱ ቆዳን ሰብስቦት ወዛም የነበረው ፊት ሁሉ ሻካራ ሆኖ ይጠብቅሻል፣ ቀን 7 ሰዓት ላይ ደግሞ ፀሐዩና አዳራሹ ውስጥ ያለው ሙቀት ወዙን ያወጣዋል። በክረምት የሞከርሽው በጥር ላይሰራ ይችላል፣ ስለዚህ ልምምዱን ከሰርጉ ሁለት ሳምንት በፊት በጠዋት አድርጊው፣ ቀብተሽው ዋዪ፣ ማታ ፊትሽን መስታወት ላይ እዪ።

ደረቅ ቆዳ ላላቸው እህቶች አጭር ነው መልሱ፣ ማት የሚል አትንኩ፣ ግሊሰሪንና ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለበት ዋተር ቤዝድ ፈልጉ፣ ካልተገኘ ጥሩ ሞይስቸራይዘር ሌሊቱንም ጠዋትም ተቀብታችሁ ያለ ፕራይመር መስራት ይቻላል፣ የምሬን ነው። የወንዶች የኒቪያ ከመላጨት በኋላ የሚቀባው ባልም ፕራይመር ይሆናል የሚባለውም ግሊሰሪኑ ስለሚበዛ ያዝ ስለሚያደርግ ነው፣ ሴንሲቲቭ የሚለውን ከሆነ ለደረቅ ቆዳ ክፉ አይደለም። ቫዝሊን ግን ተዉት፣ ለከንፈርና ለተረከዝ አሪፍ ነው፣ ከፋውንዴሽን ስር ግን ሁሉንም ያንሸራትተዋል።

ብጉር ካለብሽ ሲሊኮን ቀዳዳ ይደፍናል እያሉ የሚያስፈራሩሽን ብዙ አትስሚ፣ ዳይሜቲኮን በራሱ ብጉር አያመጣም። ጉዳቱ ማታ በደንብ አለመታጠብ ነው። ሲሊኮን በውሃ ብቻ አይለቅም፣ መጀመሪያ በሜካፕ ማስለቀቂያ ዘይት ወይም ባልም፣ ቀጥሎ በፊት መታጠቢያ፣ ሁለቴ። ከሰርግ ደክሞኝ መጣሁ ብሎ ሳይታጠቡ መተኛት ነው ሳምንቱን ሙሉ ብጉር የሚያስወጣው።

አሁን የምጽፈው ለሁላችሁም ነው፣ እባካችሁ በደንብ አንብቡት። ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት ሙሽራ ለልምምድ መጣች፣ ፊቷ በጣም ቀይ ነው፣ ቆዳዋ ከመሳሳቱ የተነሳ ደም ስሮቿ ጉንጯ ላይ ይታያሉ። ፕራይመሩን ገና ሳስነካት "አቃጠለኝ" ብላ እንባዋ መጣ። አጠብኩላትና ቀስ ብዬ ስጠይቃት ለሰርጉ ልቅላ ብላ ለወራት ከሱቅ የገዛችውን የሚያቀላ ክሬም ስትቀባ ነበር። ብዙዎቹ እንደዚህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ አለ፣ ያለ ሐኪም ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ብጉር ያስወጣል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ያቃጥላል ይቀላል። እንደዚህ ላለ ቆዳ የሚሆን ፕራይመር የለኝም፣ ማንም የለውም። የቆዳ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፣ እሷም አለርት ሆስፒታል ሄዳ ነው ህክምና የጀመረችው፣ ለሰርጓ ሽታ የሌለው ሞይስቸራይዘርና ስስ ፋውንዴሽን ብቻ አደረግንላት፣ በጣም አምሮባት ነበር። የሚያቀላ ክሬም እየተቀባችሁ ከሆነ ሜካፕ የምትሰራችሁ ልጅ ጋ ሳትሄዱ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ለልጅቷም ንገሯት፣ አትፈሩ። ቆዳቸው በቀላሉ ለሚቆጣ ሁሉ ደግሞ ሽታና አልኮል የሌለበትን ምረጡ፣ አዲስ ነገር ከጆሮ ጀርባ ወይም ክርናችሁ ውስጥ ቀብታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ሳታዩ ፊት ላይ እንዳታደርጉ።

ሌላው የኛ ቆዳ ላይ የሚመጣው አመድ የመምሰል ነገር ነው። ነጭ ሆኖ የሚወጣ ፕራይመር፣ ሲሊካ የበዛበት ፓውደርና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ሰንስክሪን ተደራርበው በዓይን ምንም አይመስሉም፣ ፍላሽ ሲበራ ግን ፊት ላይ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። የአክስቴ ልጅ መልስ ላይ አይቼዋለሁ፣ እኔው ነኝ የሰራኋት፣ አንገቷ ጠይም፣ ከዓይኗ ስር ነጭ፣ አልበሙን በከፈትኩት ቁጥር ያመኛል። ከዛ ቀን ጀምሮ ማንንም ሳልጨርስ መብራት አጥፍቼ በስልክ ፍላሽ አንድ ፎቶ አነሳለሁ። አንቺም ልምምድሽ ቀን እንደዛ አድርጊ።

ሰንስክሪን ካነሳን አይቀር፣ ፕራይመሬ ኤስፒኤፍ (ከፀሐይ የመከላከል መጠን) አለው ብለሽ ሰንስክሪን እንዳትዘዪ። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ የፀሐዩ ጨረር በየ1000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ማድያት ያለባት ሴት ይሄን በፊቷ ታውቀዋለች። ኤስፒኤፉ የሚለካው በካሬ ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው፣ የአተር ፍሬ ፕራይመር እዛ አይደርስም። ቅደም ተከተሉ ሞይስቸራይዘር፣ ሰንስክሪን፣ ፕራይመር፣ ፋውንዴሽን።

ዱባይ፣ ጅዳ፣ ቤሩት ያላችሁ እህቶች ከውጪው ላብ የበለጠ የሚያስቸግራችሁ ከኤሲ ወደ ሙቀት መግባት መውጣቱ ነው፣ ለናንተ ግሪፕ ያለው ዋተር ቤዝድና ስስ ፋውንዴሽን ይሻላል፣ ሲሊኮኑን አፍንጫ ላይ ብቻ። አሜሪካና አውሮፓ በብርዱ ጊዜ ቤት ውስጥ ያለው ሂተር ስለሚያደርቅ ወዛሞቹም እንደ ደረቅ ቆዳ ያዙት።

ግሪፕ ፕራይመር ከሞከርሽ ትዕግስት ይፈልጋል፣ ቀብተሽ ወዲያው ፋውንዴሽን አትጨምሪበት፣ ጣትሽን ስታስነኪው ትንሽ ያዝ ሲያደርግሽ ነው ሰዓቱ፣ ከዛ በስፖንጅ ጫን ጫን ብቻ። ከዓይን ስር ግን ምንም ዓይነት ቢሆን በጣም ትንሽ ይሁን። አንዷ ሙሽራዬ የእናቷን ጉልበት ስትስም አልቅሳ በመዳፏ ስትጠርገው ከዓይኗ ስር ያለው ሙልጭ ብሎ ነው የተነሳው፣ እዛ ጋ ፕራይመር አብዝቼባት ነበር። ሚዜም ታለቅሳለች፣ ሶፍት በእጅሽ ይኑር፣ እንባውን ጫን አድርገሽ ምጠጪው እንጂ አትጥረጊው። የዓይን ቆብሽ ወዝ ካለው ኩልሽ ከላይ ይታተምብሻል፣ ለሱ የዓይን ፕራይመር ወይም ስስ ኮንሲለር በፓውደር አስይዘሽ ቀጥዪ።

መግዛት ካለብሽ ደግሞ ስለ ፎርጅዱ ተጠንቀቂ፣ መርካቶም ቦሌም ኦሪጅናል ነው ተብሎ ይሸጣል። ካርቶኑና ጠርሙሱ ላይ ያለው የባች ቁጥር (የተመረተበትን ዙር የሚያሳየው) አንድ ዓይነት መሆኑን እዪ፣ የተከፈተ ጣሳ ምስል ውስጥ 12 ወይም 24 የሚለው ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚቆይ ነው፣ ሽታው ከተለወጠ ወይም ዘይትና ውሃው ከተለያየ ጣዪው።

ለጊዜው ይሄን አድርጊልኝ፣ ያለሽን ፕራይመርና ፋውንዴሽን እጅሽ ጀርባ ላይ ቀላቅለሽ የሚሆነውን እዪ፣ የሁለቱንም ጀርባ በደንብ እንዲነበብ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ ማታ ከሥራ ስገባ አይቼ የትኛውን ማቆየት የትኛውን መለወጥ እንዳለብሽ እነግርሻለሁ። ለእህትሽም የአብርሃም የሣራ ያድርግላት።