ባሩ ረዘመ ወይስ ዝናቡ በዛ?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ልጆቹ ባር ግራፍ መሳል አያቅታቸውም። ያዩትን በአማርኛ ጻፉ ስላቸው ግን ይደናገራሉ። አንዱ የከተሞችን ከፍታ የሚያሳይ ግራፍ አይቶ ‹ከፍታው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቀነሰ› ብሎ ጻፈ። ሌላዋ ‹የገብሱ ምርት ወደ 40 ኩንታል ጨመረ› አለች። የሆነ ነገር እንደጎደለው ይሰማኛል፤ ምን እንደሆነ ግን ለልጆቹ ማስረዳት ተቸገርኩ። እንዴት ልበላቸው?»

መልስ፦ መምህርት፣ ጆሮዎ ትክክል ነው። ከመጀመሪያው ልጅ እንነሳ።

«ጨመረ» እና «ቀነሰ» የለውጥ ግሦች ናቸው። አንድ ነገር ድሮ እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ ስንል እንጠቀምባቸዋለን። ደሴና ኮምቦልቻ ግን ሁለት የተለያዩ ከተሞች ናቸው፤ አንዱ ተለውጦ ሌላውን አልሆነም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት በመኪና ለሚወርድ ተሳፋሪ «ከፍታው ቀነሰ» ማለት ያስኬዳል፣ እሱ እየተጓዘ ነውና። ግራፉ ላይ ግን ተጓዥ የለም። ባሮቹ የቆሙት ሠዓሊው ባስቀመጣቸው ተራ ነው። ለዚህ የሚሆኑት ግሦች «ይበልጣል» እና «ያንሳል» ናቸው፦ «የደሴ ከፍታ ከኮምቦልቻ ይበልጣል።»

ልጆቹ ራሳቸው የሚፈትሹበት መንገድ አለ። የባሮቹን ቦታ በሐሳባቸው ያቀያይሩ። ኮምቦልቻን ፊት፣ ደሴን ኋላ፣ ላሊበላን መሐል ያድርጉ። ዓረፍተ ነገሩ አሁንም እውነት ከሆነ ግሡ ትክክል ነው። «ቀነሰ» ያለው ልጅ ባሮቹ ሲገለበጡ «ጨመረ» ለማለት ይገደዳል፤ ከተሞቹ ግን ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።

ባር ግራፍ ሲጀመርም ለዚሁ ዓይነት ማነጻጸር ነበር። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 ባሳተመው ሥራ ስኮትላንድ ከ17 አገሮችና ግዛቶች ጋር ያደረገችውን ንግድ በባር አሳየ። የሌሎችን ንግድ በዓመታት ሂደት በመስመር ስሏል። የስኮትላንድ መረጃ ግን የአንድ ዓመት ብቻ ሆነበት። የጊዜ ሂደት ስላልነበረው መስመር ሊስልበት አልቻለም፤ ስለዚህ አገሮቹን በባር ጎን ለጎን ደረደራቸው።

አግድሙ መስመር ላይ ወራት ወይም ዓመታት ሲሰፍሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ «ጨመረ»፣ «ቀነሰ»፣ «አሻቀበ»፣ «አሽቆለቆለ» ሁሉም ቦታቸውን ያገኛሉ። የራሳችሁን የኮምቦልቻን የዝናብ ግራፍ ያስቡ። የበልጉ ዝናብ ማርችና ኤፕሪል ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚያ ይቀንስና ጁን ላይ ጭራሽ ያንሳል። ጁላይ ሲገባ በአንዴ ያሻቅባል። ጁላይና ኦገስት ከሁሉም በልጠው ይታያሉ። በዚህ አነስተኛ አንቀጽ ውስጥ «ይቀንሳል» እና «ያሻቅባል» ጊዜን ተከትለው ገብተዋል፤ «በልጠው» ደግሞ ማነጻጸሪያ ሆኖ ገብቷል። ልጆቹ ሁለቱን ለይተው እንዲያሰምሩባቸው ቢያደርጉ ጥሩ ልምምድ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባር ይረዝማል፣ ያጥራል። ዝናብ ግን ይበዛል፣ ያንሳል። ልጅ ዓይኑ ባሩ ላይ ስለሆነ «የጁላይ ዝናብ ረጅም ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይህን ወሎ ውስጥ ለአንድ ገበሬ ቢነግሩት ዝናቡ ሳያባራ ብዙ ቀን ቆየ ማለት ነው ብሎ ይረዳል። ያ ሌላ ወሬ ነው። ስለዚህ «ረጅሙ ባር የጁላይ ነው፤ ብዙ ዝናብ የጣለውም ያን ጊዜ ነው» ይባል።

ወደ ሁለተኛዋ ልጅ እንምጣ። የእሷ ችግር ከልጁ ይልቅ ስውር ነው፤ ምክንያቱም በጋዜጣም በዜናም ሁልጊዜ እናየዋለን። በአማርኛ «ወደ» ሁለት ሥራ አለው። አንዱ መድረሻን መንገር ነው። ሌላው ግምት ነው፤ «ወደ 40 ሰው መጣ» ስንል 40 ገደማ ማለታችን ነው። ስለዚህ «ወደ 40 ኩንታል ጨመረ» የሚለውን አንዱ ሰው «40 ደረሰ» ብሎ ይሰማዋል። ሌላው «40 የሚሆን ተጨመረበት» ብሎ ይሰማዋል። አምና 25 ኩንታል ከነበረ የመጀመሪያው ሰው ዘንድሮን 40 ይለዋል፣ ሁለተኛው 65 ይለዋል። የ25 ኩንታል ልዩነት በአንዲት ቃል መጣ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። መነሻውንም መድረሻውንም መጥራት ነው፦ «ከ25 ኩንታል ተነስቶ 40 ደረሰ።» ጭማሪውን ለመናገር «በ»ን መጠቀም ነው፦ «በ15 ኩንታል ጨመረ።» ሁለቱንም ማጣመር ይቻላል፦ «በ15 ኩንታል ጨምሮ 40 ሆነ።» ግምት ከሆነ ደግሞ «ወደ»ን ትተው «ገደማ» ይበሉ።

«እጥፍ»ም እንዲሁ ያምታታል። 20 የነበረው 60 ሲሆን «በሦስት እጥፍ ጨመረ» የሚሉ አሉ። ቃል በቃል ካየነው ግን 20 ላይ ሦስት 20 ተጨመረ፣ 80 ሆነ ማለት ነው። እኔ የምመርጠው «የአምናው ሦስት እጥፍ ሆነ» የሚለውን ነው። ለክርክር በር አይከፍትም።

ልጆቹ ከመጻፋቸው በፊት የቆመው መስመር ከስንት እንደሚጀምር እንዲያዩ ይንገሯቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። መስመሩ ከዜሮ ከጀመረ የደሴ ባር የኮምቦልቻን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይበልጠዋል። ሠዓሊው ቦታ ለመቆጠብ ከ1,800 ቢጀምር ግን ለኮምቦልቻ 50፣ ለደሴ 700 ብቻ ይቀራል። የደሴ ባር 14 እጥፍ ይሆናል! ባሩን ብቻ አይቶ «ደሴ እጅግ በጣም ይበልጣል» የሚል ልጅ ያየውን ነው የጻፈው፤ ቁጥሩን ግን አላነበበም። «እጅግ»፣ «በጣም»፣ «በመጠኑ» የሚሉት ቃላት ከቁጥሩ እንጂ ከባሩ ቁመት አይወሰዱ።

የመጨረሻው ነገር ወራቱ ናቸው። ከላይ ጁላይ፣ ጁን እያልኩ የጻፍኩት አማርኛው ጠፍቶኝ አይደለም። የዝናብ መረጃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በፈረንጆቹ ወር ነው። ሐምሌ አንድ ጁላይ 8 ላይ ይውላል፤ የጁላይ የመጀመሪያው ሳምንት ገና ሰኔ ነው። ስለዚህ ግራፉ ላይ ጁላይ የሚለውን ሐምሌ ብሎ መተርጎም የሰኔን ዝናብ ለሐምሌ መስጠት ነው። ልጆቹ ዕለታዊ መዝገብ አግኝተው በራሳችን ወራት ከሳሉት ደግሞ ባሮቹ 13 ይሆናሉ። የጳጉሜን ባር አጭር ሆኖ ይወጣል፣ ቀኖቿ አምስት ወይም ስድስት ናቸውና። «በጳጉሜን ዝናቡ በአንዴ ቀነሰ» ብለው እንዳይጽፉ፣ ከባሯ ሥር የቀኖቹን ቁጥር ያጽፏቸው።