በዚህ ብርድ ናሽናልስ ማንን ይሸጣል፣ ማንን ያመጣል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው በኖቬምበር 2025 አጋማሽ ላይ ነው። ሜዳው ተዘግቷል፣ የቤዝቦል ቡድናችን የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ ግን እንቅልፍ የለውም። 2025ን በ66 ድልና በ96 ሽንፈት ጨረስን። በጁላይ ዋና ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞና አሰልጣኙ ዴቪ ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። አሁን ቡድኑን የሚመራው ከቦስተን ሬድ ሶክስ የመጣው የ35 ዓመቱ ፖል ቶቦኒ ነው። አዲሱ አሰልጣኝ ብሌክ ቡቴራ ደግሞ ገና 33 ዓመቱ ነው። ሁሉም ነገር አዲስ ስለሆነ ወሬውም በዝቷል።

እኔ ቡድኑ በ2005 ከሞንትሪያል ሲመጣ ታክሲ እነዳ ነበር። አርኤፍኬ ስታዲየም ደጃፍ ተሳፋሪ ስጠብቅ የቻርሊ ስሎውስን ድምፅ በሬዲዮ እየሰማሁ ነው ጨዋታውን የለመድኩት። ከዚያ ወዲህ አልተላቀቅንም። ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር፣ ብዙ ጠየቃችሁ። የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ግምቴ የሆነውንም ግምት ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የአርሴናል ሰው ነኝ፣ ዲሲ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ቤዝቦል ላይ ተጫዋች እንዴት ነው የሚሸጠው? ገንዘቡን ማን ለማን ይከፍላል?

ወንድሜ፣ በእግር ኳስ የምታውቀውን ዝውውር ለጊዜው እርሳው። እዚህ ክለብ ለክለብ መቶ ሚሊዮን ከፍሎ ተጫዋች አይወስድም። ሰው በሰው ነው የሚለወጠው። እኛ በልማድ “ተሸጠ” እንላለን እንጂ ነገሩ ልውውጥ ነው። አንድ የታወቀ ተጫዋች ትሰጣለህ፣ በምትኩ ገና ትልቁ ሊግ ያልደረሱ ሦስት አራት ወጣቶች ትቀበላለህ። ተጫዋቹን “ትሄዳለህ ወይ?” ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጠዋት ቁርሱን እየበላ ይደወልለታል፣ ማታ ሌላ ከተማ ነው። እምቢ ማለት የሚችለው ኮንትራቱ ውስጥ “ያለፈቃዴ አልሄድም” የሚል አንቀጽ ያስገባ ነው፣ ወይም በትልቁ ሊግ 10 ዓመት ቆይቶ የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ቡድን ያሳለፈ።

ከሁሉ በላይ ግን 6 የምትባለዋን ቁጥር ያዝ። ተጫዋች በትልቁ ሊግ የ6 ዓመት አገልግሎት እስኪሞላ ድረስ የቡድኑ ነው። መጀመሪያ ላይ በዝቅተኛው ደመወዝ ይሠራል፣ ቀጥሎ በየዓመቱ ይደራደራል፣ ካልተስማሙ ገላጋይ ዳኞች ይወስናሉ። ስድስቱ ሲሞላ ፍሪ ኤጀንት ይሆናል፣ ለፈለገው ይፈርማል። ደጋፊው ሁሉ “እከሌ ስንት ዓመት ቀረው?” እያለ ጣቱን የሚቆጥረው ለዚህ ነው። ከዚህ በታች የምመልሰው ሁሉ ከዚች ስሌት ይነሳል።

ጥያቄ፦ ማኬንዚ ጎርን ይሸጡታል ወይስ አይሸጡትም? ዙሪያ ጥምጥም አልፈልግም።

ይሸጡታል ብዬ አምናለሁ። መሸጥም አለባቸው።

ይህን ስል ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ። ጎር ግራኝ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው፣ በ2025 ኦል ስታር (ከሊጉ ምርጦች አንዱ) ሆኖ ተመርጧል፣ ኳሱ ሲያዝለት ማንም አይነካውም። ግን ቁጠር። ጎር የቀሩት 2026 እና 2027 ብቻ ናቸው። ኤጀንቱ ስኮት ቦራስ ነው። ቦራስ ደግሞ ተጫዋቾቹን በርካሽ ቶሎ አያስፈርምም፣ ገበያ ላይ አውጥቶ ነው የሚያወዳድራቸው። እኛስ በ2026 ለዋንጫ እንጫወታለን? 96 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን በአንድ ብርድ አይድንም። ስለዚህ ጎር ለእኛ ጥሩ ሆኖ የሚጠቅመን በአንድ ዓመት፣ ቢበዛ በ2027 ነው። ለቴክሳስ ወይም ለሌላ ዛሬ ዋንጫ ለሚፈልግ ቡድን ግን ሁለት ሙሉ ዓመት ነው፣ ያውም ደመወዙ ከገበያው በጣም አንሶ።

“እስከ ጁላይ እንጠብቅና ዋጋው ይውጣ” የምትሉ አላችሁ። እኔ አልደፍርም። በ2025 የመጀመሪያ ግማሽ እንደ ንጉሥ ወረወረ፣ ከኦል ስታር በኋላ ግን ክፉኛ ወረደ። ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ ክርኑ ነው፣ የእሱ ብቻ ሳይሆን የማንኛውም ፒቸር ክርን። አንድ ቀን “ትንሽ አመመኝ” ይላል፣ ቀዶ ሕክምና ይሉሃል፣ ከአንድ ዓመት በላይ ጠፋ ማለት ነው። ያኔ በእጅህ የነበረው ሁሉ ባዶ ሆነ።

ዋጋው ላይ ግን እንዳንሞኝ። ከሌላው ቡድን ምርጥ ሁለት ሦስት ወጣቶች አንዱ ካልመጣ፣ ከእሱም ጋር ሌላ እውነተኛ ተስፋ ያለው ፒቸር ካልተጨመረ፣ ስልኩን ይዝጉት። ማንም አያስገድደንም።

ጥያቄ፦ ልክ ኮከባችንን ሁዋን ሶቶን እንደሸጡት? ያ ነገር አሁንም አልወጣልኝም።

ለእኔም አልወጣልኝም። ጁላይ 2022 ላይ ለልጄ የሶቶን 22 ቁጥር ማልያ ገዛሁላት። ኦገስት 2 ሄደ። ስታለቅስ ምን እንደምላት ጠፋኝ። ያ ልጅ በ2019 ዎርልድ ሲሪስ (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) መሃል 21 ዓመት የሞላው፣ ከእኛ ጋር ያደገ ልጅ ነበር።

ግን የሆነውን በቅደም ተከተል እንየው። ናሽናልስ 15 ዓመት በ440 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡለት፣ እምቢ አለ። ትክክል ነበር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሜትስ ጋር 15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ፈረመ። እኛ በበኩላችን ሶቶንና ጆሽ ቤልን ሰጥተን ከሳንዲያጎ ሲጄ ኤብራምስን፣ ጎርን፣ ጄምስ ውድን፣ ሮበርት ሃሰልን፣ ሃርሊን ሱሳናንና ሉክ ቮይትን ተቀበልን። ኤብራምስ በ2024 ኦል ስታር ሆነ። ጎርና ውድ በ2025 ሆኑ። ከአንድ ልውውጥ ሦስት ኦል ስታር የሚገኘው ስንት ጊዜ ነው?

እስኪ ከአንቶኒ ሬንዶን ጋር አስተያዩት። እሱን አልሸጥነውም። ዋንጫውን አብረን በላን፣ ኮንትራቱ አለቀ፣ ወደ ኤንጅልስ ሄደ፣ በእጃችን የቀረው የድራፍት (የአዳዲስ ወጣቶች ምርጫ) ካሳ ብቻ ነበር። በ2019 ያንን ዋንጫ ስላገኘን አልቆጭም። በ96 ሽንፈት ላይ ሆኖ ተመሳሳይ ነገር ማድረግ ግን ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቶቹ ሀብታሞች ናቸው። ለምን ፍሪ ኤጀንት የሆነውን ኮከብ ካይል ተከርን አያስፈርሙልንም? ስስት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለም።

የሌርነር ቤተሰብ ከዚህ በላይ ማውጣት ይችላል፣ በዚህ እስማማለሁ። የደመወዝ ወጪው ቀንሶ መቆየቱ ያናድዳል፣ ደጋፊ ትኬት እየገዛ ነውና መናደድ መብቱ ነው። ተከር ላይ ግን አልስማማም።

የዲሴምበር 2019ን ሳምንት አስታውሱ። ፒቸራችን ስቲቨን ስትራስበርግ የዎርልድ ሲሪሱ ኮከብ ነበር፣ ናሽናልስ 7 ዓመት በ245 ሚሊዮን አስፈረሙት። ከሁለት ቀን በኋላ ሬንዶን ከኤንጅልስ ጋር በዚያው ገንዘብ፣ በዚያው 7 ዓመት ፈረመ። ያን ሳምንት ሁለቱም ከተሞች ጨፍረዋል። ከዚያስ? ስትራስበርግ ከፈረመ በኋላ የተጫወተው 8 ጨዋታ ብቻ ነው፣ ሰውነቱ እምቢ አለው፣ ኮንትራቱ ግን እስከ 2026 ነው። ሬንዶንም በኤንጅልስ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ58 ጨዋታ በላይ ተጫውቶ አያውቅም። ሁለቱም ሰነፎች አልነበሩም። ወደ ሠላሳው የደረሰ ሰውነት ላይ ረጅም ኮንትራት መፈረም እንዲህ ያለ አደጋ አለው።

ይህን አደጋ መሸከም የሚችለው ዋንጫ አፋፍ ላይ ያለ ቡድን ነው። ፒቸሩን ማክስ ሸርዘርን እዩ፣ በ7 ዓመት 210 ሚሊዮን ተፈረመለት፣ ግማሹ በኋላ እንዲከፈል ተስማሙ። በ2021 ከትሬይ ተርነር ጋር ወደ ዶጀርስ ሸኘነው፣ ናሽናልስ ግን እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ይከፍሉታል። ዋንጫ ስላመጣ በእኔ በኩል ሐላል ነው። ባለፈው ኖቬምበር 1 በ41 ዓመቱ ለቶሮንቶ የዎርልድ ሲሪሱን ሰባተኛ ጨዋታ ሲጀምር ሳይ እንባዬ መጥቷል።

ተከርን ዛሬ ብናስፈርመው ግን ምርጥ ዓመቶቹን ለአራተኛ ደረጃ ይጫወትልናል። ቡድኑ ሲበስል እሱ ያረጃል።

ጥያቄ፦ መቺው ካይል ሽዋርበርስ? እኛ ጋ ነበር እኮ፣ ይወደናል።

ጁን 2021ን ማን ይረሳል! በአንድ ወር 16 ሆም ራን (ከአጥር በላይ የሚያልፍ ምት)። በ2025 ደግሞ ለፊላዴልፊያ 56 መታ። ግን 32 ዓመቱ ነው፣ ሜዳ ገብቶ አይከላከልም፣ መምታት ብቻ ነው። ዋንጫ የሚፈልግ ቡድን ነው የሚወስደው። አይመጣም።

ጥያቄ፦ ዶጀርስ ሁሉንም ይገዛል። ሕግ የለም እንዴ?

የደመወዝ ጣሪያ የለም። ያለው ቅጣት ነው፣ የቡድኑ ደመወዝ በ2026 ከ244 ሚሊዮን ዶላር ካለፈ ግብር ይከፈላል። ኪሱ ለሞላ ቡድን ግብር እንቅፋት አይሆንም። የዶጀርሱ ኮከብ ኦታኒ በ700 ሚሊዮን ሲፈርም 680ውን ከ2034 እስከ 2043 ለመቀበል ተስማማ፣ በየዓመቱ አሁን የሚወስደው 2 ሚሊዮን ነው። ሕጉ ይፈቅዳል። ዶጀርስም በ2024 እና በ2025 ተከታትሎ ዋንጫ በላ።

እኔ የምሰጋው ለሚቀጥለው ዓመት ነው። በባለቤቶቹና በተጫዋቾቹ ማኅበር መካከል ያለው ስምምነት ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያልቃል። ባለፈው ጊዜ ሲያልቅ ባለቤቶቹ በሩን በተጫዋቾቹ ላይ 99 ቀን ዘግተው ነበር። የጣሪያው ጉዳይ ያኔ ዋናው ጠብ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ለረጅም ኮንትራት የሚያመነታ ባለቤት ካያችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ 96 ጊዜ ተሸንፈን ድራፍት ላይ ማን ቀድሞ እንደሚመርጥ በሚወጣው ሎተሪ ለምን የለንም?

ዘንድሮ አንደኛ ስለመረጥን። እንደ እኛ ያለ ትልቅ ገበያ ውስጥ ያለ ቡድን ሁለት ዓመት በተከታታይ ሎተሪው ውስጥ አይገባም፣ ሆን ብሎ መሸነፍ እንዳይለመድ ነው። ሕጉ ጥሩ ነው፣ ዘንድሮ እኛ ላይ ወደቀ እንጂ። ያገኘነው ኢላይ ዊሊትስ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከል) ነው፣ ሲመረጥ 17 ዓመቱ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ታገሡት።

ጥያቄ፦ ዝምታ የበዛበት ግን የሚያስጨንቅህ ቦታ የቱ ነው?

ካቸር። ሁሉ ስለ ፒቸር ያወራል፣ ተቀባዩን የሚያነሳ የለም። ኬይበርት ሩዊዝ በ2023 8 ዓመት በ50 ሚሊዮን ፈርሟል፣ በ2025 ግን ዱጋውት (የተጫዋቾች መቀመጫ) ቁጭ ብሎ ሳለ የተፈናጠረ ኳስ ጭንቅላቱን መታው፣ ከዚያ ወዲህ አልተስተካከለም። ለልጁ ጤና እጸልያለሁ። ቡድኑ ግን ወጣት ፒቸሮችን የሚያሳድግ ካቸር ሳይኖረው ማደግ አይችልም። ቶቦኒ በዲሴምበር መጀመሪያ ኦርላንዶ በሚደረገው የሊጉ ትልቁ ስብሰባ ላይ ሌላ ምንም ባያደርግ እንኳ ካቸር ይፈልግ። ከቡልፔኑ (ከተቀያሪ ፒቸሮቹ) አንድ ጠንካራ ክንድ ሰጥቶም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ሮክቪል ነው የምንኖረው። የ9 ዓመት ልጄ ከጄምስ ውድ ሌላ አያውቅም። ለገና ማልያ ልገዛለት ነበር፣ ግን ይሄም እንደ ሶቶ ይሄድ ይሆን ብዬ ፈራሁ። የኤብራምስን ይሻላል?

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ስለወደድኩት ነው። ውድ እኮ የእናንተው ሠፈር ልጅ ነው፣ ሮክቪል ተወልዶ ኦልኒ ያደገ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ነው። በ2025 31 ሆም ራን መታ። በጁን አንድ ቀን ተጋጣሚው ፈርቶት አራት ጊዜ እንዲመታ ሳይፈቅድ ሆን ብሎ ወደ መጀመሪያው ቤዝ አሳለፈው፣ ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ ወዲህ ለማንም እንዲህ አልተደረገም። 221 ጊዜ ስትራይክ አውት መሆኑም (ኳሱን ስቶ መውጣቱም) እውነት ነው፣ ልጅሽ ሲናደድ አይተሽ ይሆናል። ገና 23 ዓመቱ ነው፣ ያስተካክለዋል።

ኤብራምስ እስከ 2028 ነው ያለው። ጎር ከሄደ ቀጥሎ ስሙ የሚነሳው እሱ ነው፣ ምናልባት በዚህ ብርድ፣ ምናልባት በጁላይ። የእሱን 5 ቁጥር ዛሬ አልገዛም። ውድ ግን እስከ 2030 የእኛ ነው። ቶቦኒ ብሆን በዚህ ብርድ ከእሱ ጋር ተቀምጬ ለረጅም ዓመታት እንዲፈርም እለምነው ነበር፣ ለአዛውንት ኮከብ የምናወጣውን ገንዘብ ለእሱ አውጥቼ። ሶቶ እንደሄደበት ዓመት መጨረሻው ሰዓት ላይ አይደለም፣ አሁን።

29 ቁጥሩን ግዢለት። ሁለት ቁጥር ሰፋ አድርገሽ ግዢው፣ ቶሎ እንዳይጠበው።