ከዕቃው በፊት ወረቀቱን

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት፣ ሁለት ልጆች፣ ከአማትሽ ቤት የመጣ ዕቃ፣ በየመሳቢያው የተጠቀጠቀ ወረቀት። የትልቁን ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ለትምህርት ቤት ምዝገባ ሁለት ቀን ሙሉ ፈልገሽ፣ በመጨረሻ ከታጠፈ ብርድ ልብስ መካከል አገኘሽው። «ከየት ልጀምር?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ አብዛኞቹ ከልብስ ጀምሪ ብለውሻል፤ እኔ አልስማማም። ከወረቀቱ ጀምሪ።

እዚሁ አዳማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት 19 ዓመት ሠርቻለሁ። የተማሪ ስም ሲጠራ ከወንበሬ ሳልነሣ እጄን ሰድጄ ፋይሉን አወጣ ነበር። ቤቴ ስገባ ግን የራሴን የጋብቻ ምስክር ወረቀት የት እንዳኖርኩት አላውቅም። ባለቤቴ «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» እያለ ይተርተኝ ነበር፤ እውነቱን ነው።

ኋላ ላይ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ቤታችንን የሚሞላው ፍርሃት መሆኑ ነው። በመስኮት በኩል «ኦሪጅናሉ የታለ?» ተብሎ ባዶ እጁን ያልተመለሰ ሰው በአገራችን ያለ አይመስለኝም። እናም አንድ ቀን ብጠየቅስ እያልን ሁሉንም እናስቀምጣለን፤ የ2005 የውሃ ቢልም፣ ክዳን የሌለው ድስትም በዚያው ፍርሃት ይቀመጣሉ። በእርግጥ የሚጠየቁት ወረቀቶች በአንድ የታወቀ ቦታ ሲገቡ ግን እጅ ይደፍራል። እኔ ጀሪካን መጣል የቻልኩት ወረቀቴን ካደራጀሁ በኋላ ነው።

የባለቤቴ አባት የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሲያርፉ የብረት ሣጥናቸውን ከፈትን። ከላይ የታጠፈ ነጠላ፣ ከሥሩ በሲባጎ የታሰረ የወረቀት ክምር፣ ግማሹ በፈረንሳይኛ ግማሹ በአማርኛ። የደመወዝ ወረቀት፣ የዓመት ፈቃድ ደብዳቤ፣ የዝውውር ደብዳቤ፤ ሰውየው አንዲት ብጣሽ ጥለው አያውቁም። የቤቱ ካርታ ግን እዚያ አልነበረም። የበለጠ ይጠበቃል ብለው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር አጣብቀው በካኪ ፖስታ አስቀምጠውታል። ቁም ሣጥኑን ስንስበው ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ፖስታው የሚደርስ ቀጭን የጭቃ መስመር ግድግዳው ላይ ታየ። ፖስታው ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ሳነሣው ግን ክብደት የለውም። ምስጥ ውስጡን ጨርሶት ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቷል፤ ማኅተሙ ያረፈበት ጥግ ወንፊት ሆኗል። ምትክ ለማውጣት ከመስኮት መስኮት ስንመላለስ ስምንት ወር ፈጀብን። ለማንም የማይጠቅሙት የደመወዝ ወረቀቶች አንዳቸውም አልተነኩም ነበር።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ምረጪና በቤቱ ያለውን ወረቀት ሁሉ፣ ከቡፌው፣ ከፍራሹ ሥር፣ ከአሮጌ ቦርሳ፣ ከመጽሐፍ ውስጥ አውጥተሽ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቺ። በዚህ ጊዜ ምንም አታንብቢ፤ የድሮ ደብዳቤ ማንበብ ከጀመርሽ ቀኑ አለቀ። ከዚያ አንሶላ አንጥፈሽ ዘርግፊው። መስኮቱን ዝጊ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራው ላይ መብራት የሚያመነጨው ነፋስ ለአንቺ ብጣሽ አይራራም።

ወረቀት እንደ ሰው ተቀማጭና ተጓዥ አለው። ተቀማጩ በዓመት አንዴ ወይም በአምስት ዓመት አንዴ የሚፈለግ ነው፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ውል፣ ውክልና፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ። እነዚህን ብዙ ሰው በዓይነት ይለያቸዋል፤ የልደቱን ከልደት፣ የትምህርቱን ከትምህርት። እኔም ሞክሬው ነበር፤ አይሠራም። መሥሪያ ቤት የሚጠይቅሽ ስለ አንድ ሰው ነው፤ የዚያ ሰው ወረቀት በአራት ቦታ ከተበተነ አራት ቦታ ትፈልጊያለሽ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ካኪ ፖስታ፣ ለቤቱ ደግሞ አንድ ለብቻው። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ሰነድ አስተርጉመሽ ከሆነ ትርጉሙን ከዋናው አትለዪው። በፖስታው ላይ ውስጡ ያለውን በእርሳስ ጻፊ፤ በእርሳስ የምልሽ ስለሚለዋወጥ ነው።

አሁን ከመዝገብ ቤት የተማርኩትን አንድ ነገር ልስጥሽ፤ ሌላውን ብትረሺ ይህን አትርሺ። ፋይል ከመደርደሪያ ሲወጣ ባዶ ቦታው ላይ ብጣሽ ወረቀት እናስቀምጥ ነበር፤ ማን ወሰደው፣ መቼ፣ ለምን። ቤትሽም እንዲሁ አድርጊ። የልደቱ ወረቀት ለምዝገባ ሲወጣ በምትኩ «ለትምህርት ቤት ወጣ፣ ነሐሴ 28» የምትል ብጣሽ ፖስታው ውስጥ ትግባ። ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤት በሚመለስበት ቀን ነው። ደክሞሽ ትገቢያለሽ፣ ልጅ ያለቅሳል፣ እጅሽ ያገኘው ቦታ ላይ ታኖሪዋለሽ። የአንቺም ብርድ ልብስ ውስጥ የገባው እንዲህ ይመስለኛል። ብጣሿ ካለች ቢያንስ አለመመለሱን ታስታውስሻለች።

ፖስታዎቹን ክዳን ባለው የብረት ወይም የፕላስቲክ ሣጥን አድርገሽ ከመሬት ከፍ፣ ከግድግዳም ፈቀቅ አድርገሽ አስቀምጪ። ምስጡን ነግሬሻለሁ።

ላሚኔት አታስደርጊ። ይህን በገዛ ገንዘቤ ነው የተማርኩት። ፍሪጅ ስንገዛ የተሰጠንን ደረሰኝ ለዋስትናው ብዬ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ላሚኔት ይደረግልኝ አልኩ። ልጁ ማሽኑ ውስጥ ከተተው፤ በሌላ በኩል እንደ ምጣድ ጠቁሮ ወጣ። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት የሚጻፈው በቀለም ሳይሆን በሙቀት ስለሆነ ሙቀት ሲያገኘው ሁለንተናው ይጠቁራል። ላሚኔት ባይደረግም፣ በዚህ በእኛ ሙቀት መስኮት አጠገብ ከቆየ ጽሑፉ እየደበዘዘ ሄዶ ባዶ ወረቀት ይሆናል። የሚያስፈልግሽን ደረሰኝ በገዛሽበት ሳምንት ፎቶ ኮፒ አንሺው። የልደትና የትምህርት ማስረጃም ቢሆን ላሚኔት ከተደረገ ጀርባው ላይ ማኅተም ማሳረፍ አይቻልም። አፉ ክፍት የሆነ የላስቲክ ኪስ ይበቃል።

ተጓዡ ደግሞ ከሣጥን ቢገባ ይጎዳሻል። የትንሿ የክትባት ካርድ፣ የጤና መድን ካርድ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ ያልተከፈለ ቢል፣ የእድር ደብተር። እነዚህ በአንድ የጨርቅ ቦርሳ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ይንጠልጠሉ። የእድር ጥሪ ቀን ጠብቆ አይመጣም፤ ሌሊት ጎረቤት ሲያንኳኳ መሳቢያ መገልበጥ አሳፋሪ ነው።

የቀረው ክምር፣ ከሁሉም የሚበዛው፣ የሞተ ወረቀት ነው። መብራትና ውሃ በቴሌብር ወይም በባንክ የምትከፍሉ ከሆነ ማስረጃው ስልካችሁ ላይ አለ፤ ከወረቀቱ የመጨረሻውን ብቻ አስቀሪ፣ ቤት ስትለቁ አከራይ ይጠይቃልና። ባለቤትሽ ንግድ ፈቃድ ካለው ግን የግብር ሰነዱን እንዳትነኪ፤ ለዓመታት መቆየት አለበት። የምትጥዪውንም እንዳለ አትጣዪው። አንድ ቀን የገዛሁት ቆሎ የተጠቀለለው በአንድ የማላውቀው ሰው የባንክ ወረቀት ነበር፤ ስሙ ከነሂሳብ ቁጥሩ። ቆሎውን በልቼ ወረቀቱን አቃጠልኩለት። ስምና ቁጥር ያለበት ሁሉ የቡና ከሰል ማቀጣጠያ ይሁን።

የዋና ዋናዎቹን ፎቶ በስልክሽ አንሺ፤ ስልክ ስለሚጠፋ ወደ ራስሽ ኢሜይልም ላኪው። የፋይዳ ቁጥርሽን ግን በቤተሰብ የቴሌግራም ቡድን አትለጥፊ። አክስቶቻችንን እናውቃቸዋለን፤ ለሁሉም ያስተላልፋሉ።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም፤ ሌሎቹ በደንብ ጽፈውልሻል። ውሃ ስንት ቀን እንደሚጠፋባችሁ አስበሽ ለዚያ የሚበቃ ጀሪካን ያዢ፣ የተረፈውን ለቁራሌው። ልዋጭ ስትመጣ ግን ተጠንቀቂ፤ ሦስት ደህና ልብስ ሰጥተሽ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ስትቀበዪ የቤትሽ ዕቃ የቀነሰ እንዳይመስልሽ፤ ሳፋውም ቦታ ይይዛል። «ይጠገናል» ተብሎ ለተቀመጠው ምጣድ ቀን ቁረጪለት፤ እስከሚቀጥለው ማርያም ካልተጠገነ ይውጣ። የሰርግ ብርጭቆዎቹን ከቡፌው አውጥተሽ ውሃ ጠጡባቸው። የእኛዎቹ 22 ዓመት እንግዳ ሲጠብቁ ኖረው፣ መጠቀም ከጀመርን በሁለት ዓመት ውስጥ ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ ተሰበሩ። አልቆጨኝም።

መጨረሻ ላይ «የአማቴን ዕቃ ምን ላድርገው?» ብለሻል። እርሳቸው በሕይወት ካሉ፣ እርሳቸው ሳይፈቅዱ አንዲት ማንኪያ አታንሺ። እኔ የአማቶቼን ዕቃ ለመቀነስ አራት ዓመት ደክሜ በፈቃድ ያስወጣሁት አንገቱ የተሰበረ አንድ ጀበና ብቻ ነው። እርሱንም ባለፈው ሳምንት ግቢያችን ውስጥ፣ አበባ ተተክሎበት አገኘሁት።