መልስ፦ የታጠፈ የአስፈሪ ፊልም ፖስተር ልግዛ ወይስ ልተው?
ወንድሜ፣ እጥፋቱ አያሳስብህ። እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ፖስተሮች ለሲኒማ ቤቶች የሚላኩት በአብዛኛው ታጥፈው ነበር። እንዲያውም የ1970ዎቹ ነው የተባለ ፖስተር አንድም የእጥፋት መስመር ከሌለው ነው ጠርጠር ማድረግ። ለካው፦ የዚያን ጊዜው መደበኛ መጠን 27 በ41 ኢንች ነው። 24 በ36 ከሆነ ግን ለግድግዳ ማስዋቢያ የታተመ ቅጂ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ኮንቬንሽን (የፊልም አድናቂዎችና ተዋንያን የሚገናኙበት ዝግጅት) ላይ ተዋናዩን ላስፈርም ላልከው፣ የብርማ ቀለም ማርከር ይዘህ ሂድ፤ ጥቁር ቀለም አይታይም (የአስፈሪ ፊልም ፖስተር መቼም ጥቁር ይበዛዋል)። ሰልፉ ያታክታል፤ ግን እዚያ ቆመው ስለ ሰው ሠራሽ ደም አሠራር የሚከራከሩትን መስማት ለእኔ ከፊርማው ይበልጣል። ፍሬም ውስጥ ስታስገባው ደግሞ ፕላስተር እንዳታስነካው፣ ወረቀቱን ያበላሸዋል።