ነፃ ትምህርቱ አይበቃቸውም ወይ? ላልከው

ወንድሜ፣ «የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርተኞች በነፃ እየተማሩ ደሞ የምን ክፍያ ነው?» ብለሃል። እኔ ሊከፈላቸው ይገባል ባይ ነኝ።

የኤድ ኦባነንን ነገር ላንሳልህ። እ.ኤ.አ. በ1995 ከሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ከዩሲኤልኤ ጋር የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን የሆነው ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ጓደኛው ቤት ሄዶ ቪዲዮ ጌም ውስጥ ራሱን አየ። መላጣው፣ ግራኝነቱ፣ 31 ቁጥር ማሊያው፣ ሁሉም እሱ ነው። ጌሙ ይቸበቸባል፤ ለሱ ግን አምስት ሳንቲም አልደረሰውም። በ2009 ከሰሰ። በ2014 ደግሞ ሻባዝ ናፒየር የሚባል ሌላ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዋንጫ ባነሳበት ሰሞን፣ ተርቦ የሚተኛባቸው ሌሊቶች እንዳሉ ተናገረ። አስበው፣ ስቴዲየሙ በሰው ጢም ብሎ ልጁ ጦሙን ሲያድር!

አሁን ብዙ ተቀይሯል። ከ2021 ጀምሮ በስማቸውና በምስላቸው ከማስታወቂያ ማግኘት ይችላሉ። በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ደግሞ ኮሌጁ ራሱ እንዲከፍላቸው ተፈቀደ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ኮሌጅ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

አከፋፈሉ ላይ ግን ቅር ይለኛል። አብዛኛውን የሚወስዱት የአሜሪካን ፉትቦልና የወንዶች ቅርጫት ኳስ ናቸው። ሯጯና ዋናተኛዋስ? እኔ ብሆን መጀመሪያ ለሁሉም፣ ከተመረቁ በኋላም የሚዘልቅ የጉዳት ሕክምና አስቀምጥ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በል። ከኛ አገር በሩጫ ስኮላርሺፕ የሚሄዱ ልጆች ባብዛኛው ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ናቸው። ይሄ ቪዛ ሥራን በጣም ይገድባል። የምታውቀው ልጅ ካለ፣ የማስታወቂያ ውል ከመፈረሙ በፊት የኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።